አባቴ ለወንድማቸው እጅ ያወጡ ዕለት

ሞላሌ ላይ ሥነ ዜጋ አስተምራለሁ። ሥልጣን ከሕዝብ ይመነጫል፤ ተሸናፊ ሽንፈቱን በጸጋ ይቀበላል፤ ሰላም ማለት የጦርነት አለመኖር ብቻ አይደለም። ይህን ሁሉ በየዓመቱ ሰሌዳ ላይ እጽፋለሁ፣ ተማሪዎቼ ወደ ደብተራቸው ይገለብጡታል፣ በፈተና ቀን መልሰው ይሰጡኛል፣ እኔም የራይት ምልክት አደርግበታለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ ብቻቸውን ስለሚኖሩ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ጓሳ ወደሚባለው የጋራ ሣር ምድር አፋፍ፣ ወደ እሳቸው ቤት እወጣለሁ። አባቴና ታናሽ ወንድማቸው በአንድ የድንጋይ ካብ ብቻ የሚለያዩ ጎረቤታሞች ናቸው። በዚያ ካብ ግራና ቀኝ ሆነው ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይነጋገሩ ኖሩ።

ጦርነት አልነበረም። የአንዱ በግ ወደ ሌላው ግቢ ከዘለለ በክብር ይመለሳል፣ ዝም ተብሎ። የግድ የሚነገር ነገር ሲኖር በከብት በኩል ይተላለፋል። አባቴ ካቡ ሥር ቆመው ለበጋቸው፣ «ሰኞ ጓሳው ይከፈታል፣ ሣር አጨዳ አለ፣ ማጭድ ይሳል!» ይሉታል ጮክ ብለው። ከካቡ ማዶ አጎቴ ለአህያቸው፣ «ሰምተናል፣ ሰምተናል» ይሏታል። እኔ መሀል ቆሜ ማንን ሰላም እንደምል ግራ ይገባኝ ነበር።

ጸቡ የተነሣው በምርጫ ነው።

አባቴ የመንደራችን እድር ዳኛ ነበሩ። ለስንት ዓመት እንደሆነ በትክክል የሚያውቅ ሰው የለም፤ ከእሳቸው በፊት የነበሩት ዳኛ ራሳቸው የተቀበሩት በአባቴ ዳኝነት ነው። ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ቃሬዛውን መጀመሪያ ማን እንደሚያነሣ፣ ንፍሮው ከየት በኩል መታደል እንደሚጀምር የሚወስኑት እሳቸው ነበሩ። ሰው ሲሞት መንደሩ ያለቅሳል፣ አባቴ ያዝዛሉ። ከዚያ አንድ ዓመት ላይ «ዳኛ ይመረጥ» የሚል ወሬ ተነሣ። ማን እንዳነሣው አይታወቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ፣ ጽዱ ሥር ተሰበሰብን። አባቴ ብቻቸውን ቢቀርቡ ምርጫ አይባልም፣ ለወጉ ሌላም ሰው ይኑር ተባለና ወንድማቸው ተጠቆሙ።

እዚህ አገር ሰው ለራሱ እጁን አያወጣም። ነውር ነው። ተወዳዳሪ ለተወዳዳሪው ያወጣል፤ ያኛውም መልሶ ለዚህኛው ያወጣል፤ ሁለቱ ድምፅ ይጠፋፋል፣ ይሉኝታም ይጠበቃል፣ ማንም አይጎዳም።

መጀመሪያ የአጎቴ ስም ተጠራ። አባቴ እጃቸውን አወጡ። እንደማንም ሰው አይደለም ያወጡት፤ በርኖሳቸውን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ክንዳቸውን እስከ ጥጉ ዘርግተው፣ ትልቅነታቸውን ጽዱ ላይ ያሉት ወፎች ሳይቀሩ እንዲያዩላቸው ነው። እንዲህ እንደሆኑ ዞር ሲሉ አጎቴም እጃቸውን አውጥተዋል። ለራሳቸው።

ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ፤ «የተማረች ትቁጠር» ተብዬ። ለአጎቴ ሃያ፣ ለአባቴ አሥራ ዘጠኝ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ልብ በሉ፤ ደሞዝተኛ ስለሆንኩ እኔም በስሜ የተመዘገብኩ የእድሩ አባል ነኝ፤ የኔ ድምፅ ግን ከሁለቱም አልገባም። አንዱ እጄ እስክሪብቶ፣ ሌላው ደብተር ይዞ ነበር። ማንም ልብ አላለም፤ ቆጣሪን ማን ይቆጥራል? ለአባቷ አዳላች እንዳልባል ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩትና ዝም አልኩ።

አባቴ ተነሡ። «እኔም ላንተ አወጣሁ፣ አንተም ላንተ አወጣህ!» አሉ።

አጎቴ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርተው የተመለሱ፣ የከተማ ስብሰባ የለመዱ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ሥራውን ባልፈልገው ለምን እወዳደራለሁ? ስለፈለግሁት እጄን አወጣሁ» አሉ። በየትኛውም የመማሪያ መጽሐፍ አጎቴ ትክክል ናቸው። በመንደሩ ዓይን ግን የቤተ ክርስቲያን ደወል ሲሰርቁ የተያዙ ያህል ነበር። ምርጫው ይደገም ያለ ሰው ግን የለም፤ ያ ደግሞ ሌላ ነውር ነው።

አባቴ ዳኝነቱን አስረከቡ። የእድሩን ዕቃ ቤት ቁልፍ ግን አላስረከቡም። «የመረጣችሁት ዳኛ ነው፤ ስለ ቁልፍ ማን ምን አለ?» አሉና ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ አሰሩት። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ድንኳኑ፣ አግዳሚዎቹ፣ ድስቶቹና ሳህኖቹ አሉ። «ቁልፉን ይስጡን» የሚል ሰው ጠፋ፤ ትልቅ ሰው እንዴት ይደፈራል? ስለዚህ ከዚያ ወዲያ መጀመሪያ ሰው የሞተ ዕለት ጎረምሶች ሄደው በሩን ከማጠፊያው ነቀሉት፣ ዕቃውን አወጡ፣ ከቀብር በኋላ መልሰው ገጠሙት። በሚቀጥለውም ቀብር እንዲሁ። ሰባት ዓመት ሙሉ በሩ እንደተቆለፈ በጀርባው ተከፈተ። አባቴ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አድርገው አጠገቡ ይቀመጡና፣ «ቀስ በሉ እንጂ፣ መቃኑን ትሰነጥቁታላችሁ!» ይላሉ። አጎቴ ደግሞ ነቀላውን ቆመው ይመራሉ፤ በር በዓለም ላይ በሌላ መንገድ ተከፍቶ እንደሚያውቅ የሰሙም አይመስሉ።

አንድ ጊዜ ታሪኩን ሰው ሳልጠቅስ ክፍል ውስጥ አነሣሁት። ሥልጣኑ የማን ነው? ዳኝነቱን የያዘው ነው ወይስ ቁልፉን የያዘው? ግማሹ ዳኛው አለ፣ ግማሹ ባለቁልፉ አለ። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ፣ «ማጠፊያ መንቀል የሚችለው ነው» አለችኝ። ስንት ማርክ እንደምሰጣት ግራ ገባኝ፤ መጽሐፉ ውስጥ የለማ።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። አባቴ አልበሉም፤ ይህን በመስቀል እምልላቸዋለሁ። ከእድሩ አንዲት ሳህን ወደ ቤታቸው አላስገቡም። ታዲያ ምኑ ነው እንዲህ ያንገበገባቸው? ይህን ሳስብ ብዙ መንገድ በእግሬ ሄጃለሁ። የሥልጣን ጥቅሙ ሆድ ብቻ ቢሆን ኖሮ የሰው ልጅ ቀላል ፍጥረት ነበር፤ ሲጠግብ ይተወው ነበር።

ባለፈው ዓመት አባቴ ታመሙ። ደብረ ብርሃን ወስጄ አሳየኋቸው፤ ሐኪሙ ለእሳቸው ኪኒን ሰጣቸውና እኔን ከበር ውጪ ጠርቶ፣ ልባቸው ስለደከመ ብዙ ተስፋ እንዳላደርግ ነገረኝ። ያልነገርኳቸውን ከፊቴ ላይ አነበቡት መሰለኝ፣ ቤት እንደገባን አንድ ነገር ብቻ ለመኑኝ። «ሥጋ ወደሙን ሳልቀበል እንዳትቀብሪኝ» አሉ። አባቴ ሲለምኑ ያየሁት ያኔ ነው።

የንስሐ አባታችን መጡ፣ አጠገባቸው ተቀመጡ፣ እጃቸውን ያዙ። «ከወንድምዎ ጋር ቂም ይዘው ላቆርብዎት አልችልም» አሉ።

«ቂም የለኝም አባ፤ አላናግረውም እንጂ።»

«ያው ነው።»

«ያው አይደለም። ቂም ያለው ሰው ስለ ጠላቱ ያስባል። እኔ ስለሱ ጭራሽ አላስብም። ጠዋት ከምነሣበት ጀምሮ ማታ እስክተኛ ድረስ፣ አለማሰቤን አንድም ቀን ረስቼው አላውቅም።»

የንስሐ አባታችን ሳቃቸውን በመስቀላቸው ሸፈኑ። ከዚያ ግን ኮስተር ብለው፣ ሳይታረቁ ቁርባን የለም ብለው ሄዱ። አባቴ ከዚያ ዕለት ጀምሮ ምግብ ቀነሱ። ቀን እየቆጠርኩ ነበር፤ እርቁና ሞታቸው እየተሽቀዳደሙ እንደሆነ ከኔ በቀር ያወቀ የለም።

ሦስት ሽማግሌዎች ተሰየሙ። በእጅ ማውጣት አይደለም። በዚያ ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ሲከፈት አንድ ቀን ሲዘጋ ነበር፤ ከተራራው ማዶ ተኩስ ይሰማል፣ ሬዲዮው ስለ ሰላም ያወራል። ትልቁ ሽማግሌ፣ «እኛ ሁለት ወንድማማች ካላስታረቅን አገሩ በማን ይታረቃል?» ብለው ጀመሩ። ጥሩ አጀማመር ነበር። ከዚያ ማን ማንን እንደበደለ ለማወቅ ሲሞክሩ ግማሽ ቀን ሄደ።

«ለምን ለራስህ አወጣህ?» አሏቸው አጎቴን።

«ጋሼ ለኔ ማውጣታቸውን አላየሁም፤ ከፊት ነበር የተቀመጥኩት።»

«ብታይስ ኖሮ?»

አጎቴ አሰብ አደረጉ። «ያው አወጣ ነበር» አሉ።

«ቅንነቱ ነው የጎዳው» አሉ አንደኛው ሽማግሌ። ወደ አባቴ ዞሩ። «ቁልፉንስ ለምን አልሰጡም?»

«ማን ጠየቀኝ?» አሉ አባቴ። እውነት ነው፤ የጠየቃቸው የለም።

በኛ ወግ የበደለ ሰው ማጅራቱ ላይ ድንጋይ ተሸክሞ፣ አጎንብሶ፣ ተበዳዩ ፊት ይቆማል። ተበዳዩ «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብሎ ድንጋዩን ያወርድለታል። አለቀ። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ነገር ነው፤ ግን በዳይና ተበዳይ የግድ ይፈልጋል። ሽማግሌዎቹ ራቅ ብለው ተመካከሩ፣ ተመለሱና «ሁለታችሁም ተሸከሙ» ብለው ፈረዱ።

መንዝ ውስጥ ድንጋይ የሚቸግረው ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አጎቴ ለአባቴ ሕመም አዝነው ይመስለኛል፣ ትንሽ ድንጋይ አነሡ፤ አባቴም ትንሽ እንዲያነሡ። አባቴ ድንጋይቱን አዩዋት። «ጥፋትህ ይቺን ነው የምታክለው?» አሉ። ከሰባት ዓመት በኋላ ለወንድማቸው የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው።

አጎቴ ትንሿን ጥለው ትልቅ አነሡ። አሁን ደግሞ አባቴ ከፋቸው። «ታናሼ ከኔ በልጦ ትሑት ሊባል ነው?» ብለው ከዚያ የሚበልጥ ካልያዝኩ አሉ። አቀበት የማይችል ልብ ይዘው ካቡ ሥር የተጋደመ ቋጥኝ ያገላብጡ ጀመር። «አባዬ፣ ኧረ በማርያም!» ብዬ ጮህኩ። «ሴት በሽምግልና መሀል አትገባም» ተብዬ ወደ ኋላ ተመለስኩ።

በመጨረሻ ሚዛን ይምጣ ተባለ። ባቄላ የሚመዘንበት ሚዛን የነበረው አጎቴ ቤት ነው። «በእሱ ሚዛን አልመዘንም» አሉ አባቴ፤ ከሌላ ሰፈር እስኪመጣ ጠበቅን። ሁለት መጠነኛ ድንጋዮች ተመረጡ፣ ግራና ቀኝ ተቀመጡ። አንዱ ትንሽ ስለበለጠ ጫፉ በመዶሻ ተመታ። እኩል ሆኑ። ሰው ሁሉ እፎይ አለ።

ሁለቱ ወንድማማቾች ተሸከሙ፣ አጎነበሱ፣ ፊት ለፊት ቆሙ። ማንም ያላሰበው ነገር ያኔ ታየ። የሁለቱም እጅ የራሱን ድንጋይ ይዟል። ማን ለማን ያውርድ? የራሱን አስቀምጦ የሌላውን ቀድሞ ያወረደ ሰው ይቅር ባይ ሊሆን ነው፣ ትልቅ ሊሆን ነው። ሌላው ደግሞ ምሕረት የተደረገለት ጥፋተኛ ሆኖ ወደ ቤቱ ሊገባ ነው። ሁለቱም ፍንክች አላሉም። አንደኛው ሽማግሌ «በድምፅ እንወስን» ብለው ጀመሩና የሰዉን ፊት አይተው ተዉት። ሁለተኛው ታላቅ ይቅደም አሉ፤ በመለመን ነው የሚቀድመው ወይስ በማውረድ የሚለው አከራከረ። ሦስተኛው ዕጣ ይጣል አሉ። «እርቅ በዕጣ!» ብሎ አንዱ ከኋላ ሳቀ።

ነፋሱ ከጓሳው በኩል ይነፍሳል። የአባቴ ከንፈር ጠቁሯል። አንዴ «በቃኝ» ቢሉ ሁሉም ሮጦ ያነሣላቸዋል፤ እሳቸው ግን አይሉም። ሊቆርቡ ብለው እዚያው፣ ሳይቆርቡ ሊሞቱ ነው።

መሀል ገባሁ። ያስገባኝ ደግነት አይደለም፣ ንዴት ነው።

«እኔ ነኝ ያጠፋሁት!» አልኩ። «ቆጣሪዋ እኔ ነበርኩ። አባል ሆኜ ሳለሁ እጄን አላወጣሁም። ለአባቴ ባወጣ ኖሮ ሃያ ለሃያ ነበር። ማንም ማንንም አያሸንፍም ነበር!»

ሰባት ዓመት ሙሉ ማንም ያላሰባት ድምፅ ናት። ከዚያ የትልቁ ሽማግሌ ፊት እንዴት እንደበራ! ጥፋተኛ ተገኘ። ሴት አትገባም ያሉኝ ሰውዬ ራሳቸው «ነይ፣ ነይ ግቢ ልጄ» አሉኝ። አባቴና አጎቴ ቀስ ብለው ድንጋያቸውን መሬት ላይ አስቀመጡ፤ ጥፋተኛ ካልሆኑ ለምን ይሸከማሉ? ከሁለቱ አንዱ ድንጋይ የኔ ማጅራት ላይ ተጫነ። የትኛው እንደሆነ አላወቅሁም፤ እኩል ናቸው።

አጎንብሼ የሁለቱን እግር ብቻ አየሁ፣ ጎን ለጎን፣ ወደ እኔ ዞረው። «በድያችኋለሁ፣ ይቅር በሉኝ» አልኩ። አላፈርኩም ብል ውሸት ነው፤ ዙሪያውን የቆሙት የተማሪዎቼ ወላጆች ናቸው። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉ ሁለቱም፣ በአንድ አፍ፣ ሳይቀዳደሙ። ድንጋዩን ከግራና ከቀኝ ይዘው አብረው አወረዱልኝ። ከዚያ እጃቸው ባዶ ቀረ፤ የሚያደርጉበት ሲያጡ ተቃቀፉ። ሴቶቹ እልል አሉ። አፈሩን ከነጠላዬ ላይ ብቻዬን አራገፍኩ።

ሰላም እንዴት እንደሚሠራ ያን ዕለት ገባኝ፤ ገብቶኝም ደስ አላለኝም። ሁለት ሰዎች እርስ በርስ ይቅር መባባል ሲያቅታቸው፣ አብረው ይቅር የሚሉት ሦስተኛ ሰው ይፈልጋሉ። ከተራራው ማዶ የሚተኳኮሱትም ቢሆኑ ድንጋይ መሸከሙ የሚከብዳቸው አይመስለኝም፤ የሚያስፈራቸው ቀድሞ ማውረዱ ነው። ያ ሦስተኛ ሰው ደግሞ ንጹሕ ነው ብዬ እንዳላዝንለት፣ ብዙ ጊዜ ሌላውን እየቆጠረ የራሱን እጅ ያላወጣ ሆኖ ይገኛል። ይህን ለተማሪዎቼ አላስተምርም፤ ለፈተና አይመችም።

ቁልፉም ተመለሰ። አባቴ ከማተባቸው ፈትተው በሕዝብ ፊት ለአጎቴ ሰጡ፣ ተጨበጨበ። አጎቴ ሄደው ጓጉንቸሩ ውስጥ ከተቱት፤ አልዞረም። ሰባት ዓመት ያልተነካ ብረት ዝጎ ተጣብቋል። ወንድማማቾቹ ተራ በተራ ታገሉት፤ በመጨረሻ ጎረምሶቹ መጥተው በሩን ከማጠፊያው ነቀሉት። እስከ ዛሬም በዚያው ነው የሚከፈተው፤ ቁልፉ ግን በክብር ዳኛው ዘንድ ይቀመጣል።

በሚቀጥለው እሑድ አባቴ ቆረቡ። ደግፈው የወሰዷቸው አጎቴ ናቸው። ከዚያ ወዲያ አጎቴ በየቀኑ ካቡን ዞረው ይመጣሉ፤ ሁለቱ ይቀመጡና ጠያቂ በመጣ ቁጥር፣ «ይቺ ልጅ እኮ ናት ሰባት ዓመት ያጣላችን» ይላሉ። «ይቅር ብለናታል» ይላሉ አባቴ። «ከልባችን» ይላሉ አጎቴ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ነውና ጠያቂዎቹም «ከልጅነቷም ዝምታዋ አያምርም ነበር» ብለው ይጨምሩበታል። እኔ አጥሚቱን ሳቀርብ ኩባያውን ጓ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ፤ አንዳቸውም ልብ አይሉም። ግን አባቴ አጥሚቱን ጨርሰው ሲጠጡ ባየሁ ቁጥር፣ እውነቱን ልናገርና፣ የፈለጉትን ይበሉኝ እላለሁ።

አንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ አጎቴ ወደ ቤታቸው እንደሄዱ አባቴ ከአልጋቸው ቀና አሉ።

«ያን ዕለት እጅሽን ብታወጪ ኖሮ ለማን ነበር?»

«ለእርስዎ» የሚለው ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ከቆረቡ ወዲህ ግን ዓይናቸውን እያየሁ መዋሸት ከብዶኛል።

«ለአጎቴ» አልኩ።

ለምን ብለው አልጠየቁኝም። እኔው ቀጠልኩ። «እማዬን ስንቀብር፣ ዘግይተው የመጡትን ሰዎች ስም እየጠሩ ሲያስመዘግቡ ነበር፣ አባዬ። እኔ ግን እርስዎ አጠገቤ መጥተው እንዲያለቅሱ ፈልጌ ነበር።»

ተመልሰው ጋደም አሉ። አመማቸው ብዬ ጠጋ ስል በእጃቸው ተይኝ አሉኝ።

«እኔም እኮ ደክሞኝ ነበር» አሉ። «ለሱ ያወጣሁት ለይሉኝታ ብቻ አይደለም። ለቅሶ ማዘዝ ሰልችቶኝ ነበር። እሱ ይያዘው፣ እኔ እንደሰው ላልቅስ ብዬ ነው።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ዓመት ስለምን ነው፣ አባዬ?»

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

«አይተዉን ብለው ትንሽ ይለምኑኛል ብዬ ነበር» አሉ።